ሁለቱ ጣውላዎች አጎቴ በሕይወት ሳለ እንዲደርሱ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019

ለሰሜን ጠረፍ መንደሮች የጭነት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለኃላፊዋ ለክብርት ወይዘሮ ኦዴት ላፍሬኒየር

አመልካች፦ ኡሉሲ ኪላቡክ
የጄይፒቲ ሸርተቴና ጥገና ሱቅ፣ ታሲራርጁክ መንደር

ጉዳዩ፦ በደቡብ ወደብ ከቀረው ኮንቴይነራችን ውስጥ እያንዳንዳቸው አራት ሜትር ከሰማንያ የሆኑ ሁለት ጣውላዎች በሐሙሱ የጭነት አውሮፕላን እንዲጫኑ ልዩ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

እኔ አመልካች የሃያ አራት ዓመት ወጣት ስሆን፣ ባለፈው ሜይ በዕቃ አቅርቦትና ማጓጓዣ ሥራ አመራር በዲግሪ ተመርቄ ወደ ተወለድኩበት መንደር ተመልሻለሁ። የምሠራው በአጎቴ በጄይፒቲ ኪላቡክ ሱቅ ነው። አጎቴ ለመንደራችን አዳኞች በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር የሚጎተቱ የእንጨት ሸርተቴዎችን ሲሠራ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ስወለድ የሟች እናቱ ስም ስለተሰጠኝ በእኛ ልማድ እኔ እናቱ ነኝ። እርሱ በስድሳ ሰባት ዓመቱ "እናቴ" ይለኛል፤ እኔም "ልጄ" እለዋለሁ። ይህን አስቀድሜ ያነሳሁት ከዚህ በታች የምጠቅሰው ንግግር ግር እንዳይልዎ ነው።

1. ከሁሉ በፊት ጥፋቱን በባለቤቱ ላይ ላኑር። ጥፋቱ የመርከቡም የጽሕፈት ቤትዎም አይደለም፤ የእኔ ነው።

የመንደራችን ከባድ ዕቃ ሁሉ በዓመት በሁለት መርከብ እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ አንዱ በጁላይ መጨረሻ፣ ሌላው በሴፕቴምበር። አጎቴ በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ዕቃውን ጠቅልሎ በአንድ መርከብ ጭኖ አያውቅም። ግማሹን ጣውላ በፊተኛው፣ ግማሹን በኋለኛው፤ ገመዱንም እንደዚያው። ይህ አሠራር ለእኔ ብክነት መሰለኝ። በተናጠል ሣጥን የሚመጣ ዕቃ ይረጥባል፣ ይሰበራል፣ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሙሉ ኮንቴይነር አድርገን በሴፕቴምበሩ መርከብ እናምጣው አልኩ። በሠንጠረዥ አስደግፌ፣ በቀለም ለይቼ፣ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት።

አጎቴ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሳይቀር አየ። "እናቴ፣ በረዶውስ የት ጋ ነው የተጻፈው?" አለኝ።

"በረዶው በአማካይ ተሰልቷል" አልኩት።

"አማካይ የሚባል በረዶ አጋጥሞኝ አያውቅም። አንቺ ካገኘሽው ሰላም በይልኝ" ብሎ ሳቀና ፈረመ። የፈረመው አምኖበት አይደለም። እናቱ ስለጠየቀችው ነው።

2. በጁን ወር አጎቴ ለሳንባው ምርመራ ወደ ደቡብ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ባገኘነው አንድ ቀን ዕረፍት ሆቴል አልተኛም፤ ጣውላ መሸጫ ውሰጂኝ አለ። እዚያም ጣውላ ሲያስነሳ፣ ሲያስጥል፣ በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን ሲያስጠጋ ዋለ። "ይሄኛው ያጉረመርማል። ይሄኛውም። ያ ዝም ያለውን አንሺልኝ።" ሻጩ ግራ ገብቶት "ሽማግሌው ምን እየሰሙ ነው?" ቢለኝ፣ አጎቴ ቀደም ብሎ "እንጨቱ አንተን እያማህ ነው በይው" አለኝ። ሲመሽ ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ሁለት ጣውላ መረጠ፤ በረዶው ላይ የሚንሸራተቱት የአንድ ሸርተቴ ሁለት እግሮች። ለየትኛው አዳኝ እንደሆነ ስጠይቀው "ለአንዲት ቀበጥ ደንበኛ" አለኝ እንጂ ስም አልነገረኝም። ጣውላዎቹ ከሌላው ዕቃ ጋር ኮንቴይነሩ ውስጥ ገቡ።

3. የሴፕቴምበሩ መርከብ ዘግይቶ በኦክቶበር 4 ቀን መጣና ከባሕሩ ዳርቻ ፊት ለፊት መልሕቁን ጣለ። መንደሩ ሁሉ ዳር ወጥቶ ጠበቀ። ኮንቴይነራችን ቀይ ስለነበረ በሩቅ ማያ መነጽር ይታየን ነበር። ነገር ግን ዕቃ የሚያወርዱት ጠፍጣፋ ጀልባዎች በነፋሱ ምክንያት ሁለት ቀን መውረድ አልቻሉም። በሦስተኛው ቀን በረዶው ከሰሜን ተገፍቶ መጣ፤ መርከቡም በበረዶው ሳይያዝ ዞሮ ሄደ።

አጎቴ በባለ አራት ጎማ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ መርከቡ ከዓይን እስኪጠፋ ተመለከተ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። መነጽሩን ሰጠኝና "እናቴ፣ ነይ እንግባ፤ ብርድ ይመታሻል" አለኝ። በቁጣ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

4. በዚያ ምክንያት በዚህ ዓመት አሥራ አንድ ሸርተቴዎች ሳይሠሩ ቀርተዋል። ይህን ለመካስ ለአዳኞቹ አሮጌዎቹን እየጠገንን ነው፤ ስለዚያ አላስቸግርዎም። ያስቸገርኩዎ ስለ ሁለቱ ጣውላዎች ነው። በኖቬምበር የአጎቴ ሕመም ሳንባ ብቻ እንዳልሆነ ተነገረን። ሐኪሙ (አባሪ 1) "ጸደይን ያዩ ይሆናል" ብሎ ጽፏል። ስለ ጁላይና ስለ ቀጣዩ መርከብ ምንም አልጻፈም።

በጃንዋሪ ወደብ ላሉት የመጋዘን ሰዎች ደጋግሜ ደውዬ ኮንቴይነሩን እንዲከፍቱልኝ አደረግሁ። ሁለቱን ጣውላዎች ለይተው አውጥተው ፎቶ ላኩልኝ (አባሪ 2)። በአንደኛው ጣውላ ጫፍ ላይ በእኛ ፊደል፣ በእርሳስ፣ በአጎቴ እጅ "የእናቴ" የሚል ተጽፎ አገኘሁ።

ፎቶውን ሳሳየው አፈረ። "ሱቁን የምትይዢው አንቺ አይደለሽ? የራሷ ሸርተቴ የሌላት ሸርተቴ ሻጭ የት አገር ታየች?" አለኝ።

5. ጣውላዎቹን ለማምጣት የመንደራችን አየር ማረፊያ የጭነት ሠራተኛ ወደሆነው ወደ ፓውሉሲ ሄድኩ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። የጽሕፈት ቤትዎን ደንብ አንቀጽ 7 አሳየኝ፦ ከሦስት ሜትር በላይ የሆነ ዕቃ ለሕክምና፣ ለአስቸኳይ ጥገና ወይም ለቀብር ካልሆነ አይጫንም።

"ለሁለት ቁረጪውና ለሐሙስ አመጣልሻለሁ" አለኝ።

የሸርተቴ እግር ግን ተቆርጦ አይቀጠልም። በሻካራ የባሕር በረዶ ላይ መጠማዘዝ ስላለበት ምስማር እንኳ አናስገባበትም፤ በገመድ ብቻ ነው የሚታሰረው። አጎቴ ይህን ምክር ሲሰማ "ፓውሉሲን እንዲህ በይው፤ መጀመሪያ የራሱን እግር ከጉልበቱ ቆርጦ በፖስታ ይላክና፣ ሲደርሰው ቀጥሎ ይራመድበት" አለ።

መልእክቱን ሳደርስ ፓውሉሲ ስቆ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንግዲያው ለሬሳ ሣጥን ነው ብለሽ ጻፊ። ማን ያጣራል? በዲሴምበር ለአሮጊቷ ለሊያ የመጣው ጣውላ አምስት ሜትር ነበር፤ ያወረድኩት እኔው ነኝ።"

ቤት ገብቼ ይህንንም ነገርኩት። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። "ጻፊው እንጂ፣ እናቴ! ውሸት እኮ አይደለም፤ ትንሽ መቅደም ነው።"

እኔ ግን አልጻፍኩም። ልጇ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ የሬሳ ሣጥን ጣውላ የምታዝዝ እናት የለችም።

6. ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ሁለቱ ጣውላዎች በፌብሩዋሪ 21፣ ካልሆነም በፌብሩዋሪ 28 በሚመጣው የሐሙስ አውሮፕላን እንዲጫኑ በልዩ ሁኔታ እንዲፈቅዱልን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። አውሮፕላኑ ርዝመቱን እንደሚችል የዲሴምበሩ ጭነት ራሱ ምስክር ነው። ለሁለቱም ቀን የተመዘገበውን ጭነት ጠይቄ እንደተረዳሁት ቦታ አለ፤ የማንም ምግብ፣ የማንም መድኃኒት አይቀርም።

ቀኖቹን በዘፈቀደ አልመረጥኩም። ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ከማስረከቢያው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። አጎቴ አሁን ቆሞ መሥራት የሚችለው በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። እግሮቹን መላግ ስድስት ቀን፣ መስቀለኛ እንጨቶቹን ማስተካከል አራት ቀን፣ ገመዱን ማሰር ሦስት ቀን ይፈጃል። ማረፊያ ቀኖችንም ጨምሬአለሁ። መስቀለኛ እንጨቱና ገመዱ ከአሮጌ ሸርተቴዎች የተረፈ እጃችን ላይ አለ። ሠንጠረዡ ተሠርቶ አልቋል፤ የጎደለው የማስረከቢያው ቀን ብቻ ነው። እርሱን የሚያውቅ የለም። በዚህኛው ሠንጠረዥ ላይ አማካይ አልጻፍኩም።

ሥራውን በሙሉ አብሬው እሠራለሁ። የገመዱን አተሳሰር በመንደራችን ከእርሱ በቀር አሟልቶ የሚያውቅ የለም። በወንበር እግር ላይ እንዲያሳየኝ ለምኜው "ወንበር የትም አይሄድ፤ በማይሄድ ነገር ላይ ቋጠሮ አይማሩም" ብሎኛል። ሱቁ ከእርሱ በኋላ የሚቀጥለው ይህን አንድ ሸርተቴ አብረን ከጨረስን ነው። ካልጨረስን እኔ የጥገና ዕቃ የምሸጥ ባለ ዲግሪ እሆናለሁ።

7. ይህን ማከሌ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም። መርከብ ሳያራግፍ ሲመለስ የትኛው መንደር ምን እንደቀረበት ጽሕፈት ቤትዎ በሳምንት ውስጥ ዝርዝር ቢያወጣ፣ እኔ ኮንቴይነሬን ፍለጋ ሦስት ወር ባልደወልኩ ነበር። ለትናንሽ ሱቆችም ዕቃቸውን በሁለቱ መርከቦች ከፍለው እንዲጭኑ በማዘዣው ቅጽ ላይ አንድ የምክር መስመር ቢታከል ይጠቅማል። ምክሩ የአጎቴ ነው፤ ስሙን ባይጠቅሱትም አይከፋውም። ሥራውን በነጻ አግዛለሁ። አምስት ገጽ ሐሳብ አለኝ፤ ሲጠየቅ እልካለሁ።

8. የጭነቱን ቅጽ ሞልቼ አያይዤአለሁ (አባሪ 3)። "ምክንያት" በሚለው ሥር ያሉት ሦስት ሣጥኖች ብቻ በመሆናቸው፣ ከእነርሱ በታች በእጄ አራተኛ ሣጥን ሥዬ "ሸርተቴ" ብዬ ጽፌ ምልክት አድርጌበታለሁ። ቅጽ ማበላሸት ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። "ለቀብር" የሚለውን ሦስተኛውን ሣጥን ምልክት የማደርግበት ቀን ሩቅ አይደለም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ደንቡ ይፈቅድልኛል፣ ጣውላውም በሳምንቱ ይደርሳል። የዛሬው ልመናዬ እነዚህኞቹ ቀድመው እንዲደርሱ ነው።

መልስዎን በትዕግሥት እጠብቃለሁ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን ሐሙስን እየቆጠርኩ ነው።

ከአክብሮትና ከልጄ ከጄይፒቲ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ኡሉሲ ኪላቡክ

አባሪ፦ 1. የሐኪም ደብዳቤ 2. ከወደብ መጋዘን የተላከ ፎቶ 3. የጭነት መጠየቂያ ቅጽ