ገና አልጨረሰችም

ይድረስ መንዝ ለሚገኙት ለእናቴ ለወይዘሮ ወለተሐና።

እምዬ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ያ ውርጭ ዘንድሮም ከደጅ አላስወጣ ብሎዎት ይሆን? ላሟስ ወለደች? እኛ እዚህ ነገሌ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን፤ ናፍቆትዎ ብቻ ነው ሆዴን የሚበላኝ። እንደ ልማዳችን እኔ እየተናገርኩ ባሌ ኃይለማርያም ይጽፋል። ገና ከሰላምታው ሳልወጣ «አሳጥሪው» እያለ ያጉረመርማል።

«ልጃችሁ እሙሽ ትምህርቱን ካለመደችው እስከ ጥር ማለቂያ በጭነት መኪና ላኩልኝ፤ እዚህ አሳድጋታለሁ» ያሉት መልእክት ደርሶኛል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ከየት ይምጣ!

መጀመሪያ ግን ይሳቁብኝ። እዚህ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ሲነካ ነው። እሙሽ ደግሞ አባቷን መስላ አጭር። ክረምቱን ሙሉ ክንዷን በቅቤ እያሸሁ ስስብ ከረምኩ፤ «ነቀልሽኝ!» ብላ እስክትጮህ። (ኃይለማርያም «አባቷን መስላ» የሚለውን አልጽፍም ብሎ ስንጨቃጨቅ ነበር።) መስከረም ላይ አንገቷን ጠምዝዛ የጆሮዋን ጫፍ ብትነካ ዲሬክተሩ ሳቁና ተቀበሏት።

መግባቱንስ ገባች፤ ድምፅዋ ግን በር ላይ ቀረ። ቤት ውስጥ እንደዚያ የምትለፈልፍ ልጅ ክፍል ስትገባ አንዲት ቃል አይወጣትም። ፊደሉን ታውቀዋለች፤ ሲጠይቋት መሬት መሬት ታያለች። የገና በዓል እንዳለፈ አስተማሪው ጠርተው «በዚህ ወር ካልተናገረች ለከርሞ ትምጣ» አሉኝ። እኔም ጓዟን በልቤ መሸከፍ ጀመርኩ። አንድ ልጄን እኮ ነው፥ እምዬ!

ጎረቤታችን አዴ ዲንኪቱ ወተት የምታመጣልን ቦረና ናት። ልጇ ሎሚና እሙሽ ከዳዴ ጀምረው አብረው ያደጉ ናቸው፤ የእሙሽ ኦሮምኛም ከዚያው ቤት የመጣ ነው። ዲንኪቱ ለቅሶዬን አይታ «ብቻዋን ሆና ነው የፈራችው፤ ሎሚም ትግባ» አለች። ባሏ ዱባ «ጥጃውን ማን ሊጠብቅ?» ብሎ ቢቆጣ «እኔ አለሁ አይደል!» አለችው። ዓመቱ ቢጋመስም፥ የሎሚ እጅ ጆሮዋን አልፎ አገጯ ሲደርስ ዲሬክተሩ ምን ይበሉ፤ እሺ አሉ።

የገባች ዕለት በመስኮቱ ሥር ቆሜ አይ ነበር። አስተማሪው ሎሚን አስነሥተው ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ጠየቋት። አማርኛዋ ጥቂት ቢሆንም ይህቺስ ገብታታለች። ቦረና ዘንድ ልጅ የአባቶቹን ስም የሚያጠናው የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ ነው። ቀጥ ብላ ቆመችና ሎሚ ዱባ፥ ዱባ ሀላኬ፥ ሀላኬ ጉራቻ፥ ጉራቻ ዳዳቻ፥ ዳዳቻ ሺሬ እያለች ሽቅብ ወጣች። «ይበቃል፥ ይበቃል» ቢሏት ወዴት! ልጆቹ ሳቁ። አስተማሪው «ተቀመጪ» ሊሏት እጃቸውን ሲያነሡ ከኋላ አንድ ድምፅ «ጋሼ! ገና አልጨረሰችም!» አለ።

በስመ አብ! የእኔዋ ናት! ብድግ ብላ ቆማለች። «አባቶቿን እየጠራች ነው፤ ካቋረጧት ይቀየማሉ» አለቻቸው፥ አስተማሪዋን! ሎሚ ቀጠለች። የእነዚያ ሁሉ ሙታን ስም ከአንዲት ፍሬ ልጅ አፍ ተራ በተራ ሲወጣ ሁሉም እዚያች ቆርቆሮ ክፍል ገብተው የቆሙ መሰለኝ። እኔ ከአያቴ ወዲያ ማንን አውቃለሁ? አስተማሪውም ጠመኔያቸውን እንደያዙ እስክትጨርስ ቆመው ሰሟት።

ከዚያ ወዲህ እሙሽን ዝም የሚያሰኛት ጠፋ። አስተማሪው የሚሉትን ሁሉ ለሎሚ በኦሮምኛ ታቀብላለች። «አሁንስ ትንሽ ዝም ብትልልኝ» አሉኝ፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። እምዬ፥ እንግዲህ አይቀየሙኝ፤ ልጄን አልልክም።

ግን ቤት መጥታ «የእኔስ አባቶች?» ብላ ያዘችን። ኃይለማርያም በእሱ በኩል ጥቂት ጠርቶ ተንተባተበ፤ እኔማ ተዉኝ። እሷ ግን ክፍል ውስጥ አባቶቿን የምትጠራበት ተራ እስኪደርሳት ትጠብቃለች።

እህቴን ሐረገወይንን ከነልጆቿ ይሳሙልኝ። ላሟንም ቢሆን ይዳብሱልኝ። አጎቴን ወልደሚካኤልን ጉልበቱን ስመው፥ ያንን ሁላችንም «በቃህ» እያልን የምናስቆመውን የዘር ቆጠራውን እንዲጀምር ይንገሩት። የሚጽፍ ሰው አጠገቡ ያስቀምጡ። አደራዎን፥ ዘንድሮ አያቋርጡት።

ልጅዎ ብዙወርቅ
ነገሌ ቦረና፥ ጥር ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.