«ተሳታፊ ቁጥር ሰባት»ን እንዲህ አድርጋችሁ ስለደበቃችሁልን

የካቲት 18 ቀን 2005 ዓ.ም.
ካቺሲ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ ይልቁንም ሌት ተቀን የማይተኛው የኮምፒውተርዎ ጤና እንደምን ከርሟል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከሰው ፊት ቀና ብዬ መሄድ ካቃተኝ ወር ከመሙላቱ በቀር።

ካቺሲ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከዩኒቨርሲቲዎ የመጡ አንድ ተመራማሪ በአራት ወረዳዎች አርባ ሴቶችን ስለ ጤናቸው ሲያነጋግሩ፣ ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አብሬያቸው ዞሬአለሁ። ሴቶቹ ገመናቸውን የተናገሩት ለተመራማሪው አይደለም፤ ለእኔ ነው። ስማችሁ አይወጣም ብዬ በየደጃቸው እየማልኩ፣ ጣታቸውን ቀለም እያስነካሁ ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ቃለ መጠይቁ ከነሙሉ ቃሉ በቤተ መጻሕፍትዎ ድረ ገጽ ላይ ተጭኖ ያሻው ሁሉ በነጻ እንዲያነበው ስለተደረገ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

1ኛ. ስለ ጥንቃቄያችሁ። ከተሳታፊዎቹ ሠንጠረዥ ላይ የሴቶቹን ስም አንድ በአንድ ሰርዛችሁ በምትኩ ቁጥር ሰጥታችኋቸዋል፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን ክቡር ዳይሬክተር፣ በእኛ አገር የልጅ እናት በስሟ አትጠራም። ጎረቤቱም፣ ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም የሚጠራት በበኩር ልጇ ነው፤ ሃዳ ለንሳ፣ ማለትም የለንሳ እናት። የመዝገብ ስሟን ባሏ እንኳ የሚያስታውሰው ትንሽ አሰብ አድርጎ ነው። እናንተ ማንም የማያውቃትን ስም አጥፍታችሁ አገር የሚያውቃትን ስም በየገጹ ተዋችሁት። ተሳታፊ ቁጥር ሰባት በሃያ ሦስት ቦታ ሃዳ ለንሳ ተብላለች፤ እንዲያ ብዬ የጠራኋትም እኔው ነኝ፤ ሌላ ምን ብዬ ልጥራት? ሰፈሯ አለ፣ የልጆቿ ቁጥር አለ፣ አጥሯ ከወፍጮ ቤቱ ጋር መዋሰኑ ሳይቀር አለ። ፎቶግራፏን ብቻ ነው የረሳችሁት።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ደብዳቤ ለንሳ ያልኳት ልጅ ስሟ ለንሳ አይደለም፤ በቤታቸው አጠገብም ወፍጮ ቤት የለም። ይህን ለመቀየር የፈጀብኝ ጊዜ የእስክሪብቶ ክዳን ከመክፈት አይበልጥም። ዲግሪ በዲግሪ ላይ ለደረባችሁ ሰዎች ይህን ለማሳየት ስለደፈርኩ ይቅርታችሁ አይለየኝ።

2ኛ. ስለ ተደራሽነታችሁ። ለንሳ በጥር ልታገባ ነበር። የእጮኛዋ የአጎት ልጅ የእናንተው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ለቤት ሥራው የሚሆን ነገር ሲፈልግ ገጹን አገኘው፣ በወረቀት አተመው፣ ይዞት አገሩ ገባ። የለንሳ እናት በልጅነቷ አንድ ሕመም ይዟት፣ መድኃኒቷን ጨርሳ፣ ሐኪም ፈጽመሽ ድነሻል ብሏት ነበር። የሕመሙን ስም እኔ አልደግመውም፤ ሰው እስከ ዛሬ ሲሰማው የሚሸሸው ነው። እሷም ለማንም ሳትናገር ሠላሳ ዓመት ይዛው ከኖረች በኋላ ለእኔ ያወጣችው፣ ሌሎች ሴቶች ሳይፈሩ ቶሎ እንዲታከሙ ይረዳል ብዬ ስለለመንኳት ብቻ ነው። ልጅቷን የጠየቁት ሽማግሌዎች ያንኑ ወረቀት ይዘው ተመልሰው መጡ፤ በዘር የሚሄድ ነገር አለ ብለው ጋብቻውን አፈረሱት።

እናቲቱ አልጮኸችብኝም። በርሲሳ፣ መምህር ማለቷ ነው፣ እኔ የነገርኩት ለአንተ ነበር አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

3ኛ. ስለ መስተንግዷችሁ። አቧራ እየቃምኩ በአውቶቡስ መጥቼ ገጹን አንሡልኝ ብዬ ስለምን፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ በትሕትና ኮምፒውተሯን አዙራ፣ ይህ ጥናት በብዛት ከተነበቡት ውስጥ አንደኛ መሆኑን አሳየችኝ፤ አስተርጓሚው እኔ መሆኔን ስትሰማ ደግሞ እንኳን ደስ አለዎት አለችኝ። በሳምንቱ ማኅተም ያረፈበት መልሳችሁ ደረሰኝ። እኔ ባለጉዳይ እንዳልሆንኩ፣ ባለጉዳይዋ ግን የቀበሌ መታወቂያዋን ይዛ በአካል ቀርባ፣ ሙሉ ስሟን ጽፋ፣ ተሳታፊ ቁጥር ሰባት እኔ ነኝ ብላ ካረጋገጠች ጉዳዩ በኮሚቴ እንደሚታይ ይገልጻል።

እስኪ ይህችን አንድ ጊዜ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቧት። ስሟ እንዳይታወቅ ቃል የተገባላትን ሴት፣ ስምሽን ይዘሽ ነይና እንደብቅልሽ ነው የምትሉት?

4ኛ. ስለ ቀሪዎቹ። ሠላሳ ዘጠኙ ገና አልሰሙም። ከእነሱም ልጇ የታጨችላት፣ አዲስ ያገባች፣ ሕመሟን ከባሏ የደበቀች አለች። ጥናት አይውጣ አላልኩም፤ ውጤቱ ይውጣ፣ ቁጥሩ ይውጣ፣ ጤና ጣቢያውም ይጠቀምበት። የሴቶቹን ቃል ግን ቆልፉት፤ የሚፈልገው ሰው ለምን እንደፈለገው ተናግሮ፣ ተፈቅዶለት ይየው። ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ ለአገሬው ሰው አንድ ቀን ብቻ አሳዩት፤ እኔ ባየው ኖሮ ሃዳ የምትለዋን ቃል በቀይ አስምሬ በነጋታው በመለስኩላችሁ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቢሮዎ ብዙ ማኅተም፣ ለድረ ገጽዎ እልፍ አንባቢ እየተመኘሁ፣ ከሃፍረት የተነሣ ቀና ማለት ባቃተው አንገቴ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

የአርሴማ አባት

(የመዝገብ ስሜን ለግል ደኅንነቴ ስል አልጻፍኩም። ካቺሲ ገበያ ወርደው የአርሴማ አባት ቤት የት ነው ቢሉ ግን መጀመሪያ ያገኙት ሰው ደጄ ድረስ ያደርስዎታል። ይሞክሩት።)

ማስታወሻ፦ ለመሆኑ ገጹን የጫነው ማን ነው ብዬም ጠይቄ ነበር። የሠራተኛን ስም ለውጭ ሰው መግለጽ የግል ምስጢሩን መጣስ ነው ተብዬ ተመለስኩ። ለካስ መደበቅ ታውቁበታላችሁ! ያንን ሠራተኛ በደበቃችሁበት ቦታ ጥግ ከተረፈ፣ እባካችሁ አንዲት እናት አለችና እሷንም እዚያው ደብቁልኝ።