ደረጃ እየወጣህ ደጃፍ ላይ የምትቆመው ለምን እንደነበር

የኔ ከድር፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከዛሬ የምነግርህን ሁሉ በልቤ ነበር የምነግርህ። ይሄኛውን ግን ልቤ አልችለው አለ። ከትናንት ወዲያ አንድ ነገር አይቼ፣ ከዚያ ወዲህ እህል በወጉ አልወረደልኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ሐያት ዩኒቨርሲቲውን ጨርሳ እዚሁ ሐዋሳ ሥራ ይዛለች። የጨርቁን ሱቅ እኔ እከፍታለሁ። ታናሽ ወንድምህ ሸምሱ ግን ታመመብን። ቀኝ እጁ ሲንቀጠቀጥ ኪሱ ውስጥ እየከተተ ደበቀን፤ በኋላ እግሩም ይጎተት ጀመር። ሐኪሙ ያንኑ ያንተን በሽታ ስም ጠራለት። ፓርኪንሰን። ሚስቱ ትንንሾቹን ልጆች ጥላ መውጣት ስላልቻለች ወደ ፊዚዮቴራፒ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ላንተም ታዞልህ ነበር እኮ። "ማሸት ከሆነ እቤትም ይታሻል" ብለን ተውነው።

የሕክምናው ክፍል በር ላይ ስንደርስ ሸምሱ ቀጥ አለ። እግሩ ከመሬት ጋር የተሰፋ ይመስል ነበር። ልክ እንዳንተ። እኔም እንደ ልማዴ ክንዱን ይዤ ሳብኩት። ምሕረት የምትባል ባለሙያ፣ ሐያትን የምታክል ልጅ፣ ከውስጥ እየሮጠች መጣች።

"እናቴ፣ አይጎትቷቸው! ይወድቃሉ።"

ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። "ጋሼ፣ አይቸኩሉ። ይቁሙ። ይተንፍሱ።" ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር እንደ መሰላል እርከን ተለጥፏል። "አሁን ይቺን መስመር ይሻገሯት" አለችው። ተሻገራት። የሚቀጥለውንም። ሸምሱ ክፍሉን ከዳር እዳር ሄደው፣ ከድር። በሁለት ሜትር ፕላስተር! እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

አንተ የፎቁን ደረጃ ደህና አድርገህ ወጥተህ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ስትደርስ ትገተር ነበር። እኔ ምን እልህ ነበር? "ያን ሁሉ ደረጃ የወጣ ሰው አንድ ደጃፍ አቃተው? እልህ ነው እንጂ!" ጎረቤት ነጋዴው ሁሉ እየሰማ። አንተ "ዘሀራ፣ እግሬ እምቢ አለኝ" ትለኛለህ። አላመንኩህም። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ ከሰው ጨርቅ ላይ አንዲት ጣት አጉድለህ የማታውቀውን ሰው፣ አላመንኩህም።

ታዲያ ደረጃ ለምን ይቀላል ብዬ ምሕረትን ጠየቅኳት።

"ደረጃ ለዓይን ምልክት ነው። እያንዳንዱ እርከን እዚህ ርገጥ ይላል። ባዶ ወለልና ጠባብ በር ላይ ግን እግራቸው ይያዛል። በሽታው ነው እንጂ እልህ አይደለም።"

እልህ የሚለውን ቃል እኔ አላነሳሁላትም ነበር። ለካ እንደኔ የሚሉ ብዙ ናቸው።

ያን ጠዋት ደጃፉ ላይ ስትገተር ደንበኛ እየጠበቀን ነበር። ክንድህን ይዤ ሳብኩህ። ወደቅክ፤ ዳሌህ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ በእግርህ ከቤት አልወጣህም። ለጠየቀኝ ሁሉ "አዳልጦት ነው" አልኩ። አንተም አልጋህ ላይ ሆነህ "አዎ፣ አዳልጦኝ ነው" አልክ። ለገዛ ልጅህ እንኳ አላጋለጥከኝም።

ባለቤቴንም ሕክምናውን ብናስጀምረው ይድን ነበር ወይ አልኳት ምሕረትን። ልጅቷ አልሸነገለችኝም። "በሽታው አይድንም። ግን ልምምዱ ብዙዎችን ከመውደቅ ይጠብቃል፤ ለረዥም ጊዜ በእግራቸው ይሄዳሉ። የእርስዎን ባለቤት ግን ሳላያቸው ምን ልበል?" አለችኝ። አዎ ብትለኝም ባትለኝም የምሸከመው ያው ነው።

ትዝ ይልሃል፣ ከጁምዓ በኋላ ሐይቁ ዳር ስንሄድ? እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ፣ አንተ እጅህን ወደኋላ አጣምረህ ቀስ እያልክ። "ሐይቁ የትም አይሄድም" ትለኝ ነበር። ጤነኛም ሳለህ አልጠበቅኩህም።

ትናንት ከሐያት ጋር ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ሸምሱ ቤት ሄድን። ከመኝታ ቤቱ እስከ መጸዳጃው፣ ከሳሎኑ እስከ ግቢው በር ፕላስተር ለጠፍን። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ለልጅህ እውነቱን ነገርኳት። "አባትሽን አላዳለጠውም። ጎትቼው ነው።" መቀሱን አስቀመጠች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እያለቀሰች መቁረጧን ቀጠለች፤ የቆረጠችውን በእጄ አቀበለችኝ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ እስካሁን አላውቅም። ሸምሱ ግን ማንም ሳይነካው እስከ ግቢው በር ሄዶ፣ ለጎረቤቱ ሰላምታ ሰጥቶ ተመለሰ።

አላህ ይዘንልህ፣ የኔ ሰው። ከእንግዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ሸምሱን ወደ ምሕረት የምወስደው እኔው ነኝ። በር ላይ እግሩ ሲያዝ እጄን ሰብስቤ አጠገቡ እቆማለሁ፤ ከኋላ ሰው ቢደረደርም አልናገረውም። እሱ እግሩን እስኪያነሳ ድረስ በቆምኩ ቁጥር አንተን አስባለሁ፤ ዕድሜ በሰጠኝ ልክ።

ያንተዋ ዘሀራ