ከእርስዎ በቀር ለማንም ያልነገርኩት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ይጮኽብኛል ያሉኝን ያንን ግራ ጉልበት ሐኪም አየልዎት ወይስ «ነገ፣ ነገ» እያሉ እማዬን እየሸነገሏት ነው? እማዬስ ዓይኗን ተመረመረች? አክስቴ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? «ደህና ነን» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሥራዬ ሆኖ ደህና ነኝ የሚለኝን ሰው ሁሉ እጠረጥራለሁ፣ እናንተንም ጭምር። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ሆዴ ግን ደህና አይደለም፤ ስልኩን ትቼ ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። ተቀምጠው ያንብቡልኝ፣ እስኪጨርሱም አይቆጡኝ።

እንደሚያውቁት እዚህ ሆስፒታል የመጣሁት ሐኪም ለመሆን የሚሠለጥኑ ልጆች ለምን እንደሚዝሉ፣ ሸክሙስ ለምን በጥቂቶቹ ትከሻ ላይ ብቻ እንደሚከመር ላጠና ነው። ነገሩ ከመጀመሪያው ቀን አላማረኝም። የሥልጠናው ኃላፊ፣ ያ ተማሪ ሳለ ቤታችን እየመጣ ራት ይበላ የነበረው የድሮ ተማሪዎ፣ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ። መስኮት ያለው ክፍል ሰጠኝ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ ሻይ በቴርሞስ። ሠልጣኞቹ መቀመጫ አጥተው ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሲጽፉ እኔ ወንበሬ ላይ እሽከረከራለሁ። ላነጋግራቸው ስጠይቅ ራሱ መርጦ ላከልኝ። የመጡት ሁሉ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ እንቅልፍ የጠገቡ ናቸው። «ድካም አለ?» ስላቸው «ኧረ ምን ድካም! እኛ እኮ እንደ ቤተሰብ ነን» ይሉኛል፣ አንዱም ቃል ሳይቀይር። እኔ ደግሞ ይህን ልጽፍ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት?

ከዚያ ጥድፊያን አገኘኋት። ስሟ አይደለም፣ ጓደኞቿ ያወጡላት ነው፤ ስትራመድ ቢያዩዋት እርስዎም ሌላ አያወጡላትም። አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ መደርደሪያውን ተደግፋ፣ ቆማ ዳቦ ስትበላ ደረስኩባት። ለምን እንደማትቀመጥ ብጠይቃት፣ ከተቀመጥኩ እተኛለሁ፣ ከተኛሁ ደግሞ ማንም አያስነሳኝም አለችኝ። እያደር አፏን ፈታች። እዚህ ሠልጣኝ ሁለት ዓይነት ነው አለች፤ የሚደወልለትና የማይደወልለት። አባቱ ወይ አጎቱ ለኃላፊው የሚደውልለት ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቶ እጁን ያፍታታል። የማይደወልለት የዚያኛውን ተረኝነት ይሸፍናል፣ ደም ይዞ ላቦራቶሪ ይሮጣል፣ ስድቡንም እሱው ይጠጣል። «እናቴ ስልኩስ አላት፤ የምትደውልለት ሰው ነው ያጣችው» ብላ ሳቀች። እኔም የነገርሽኝ ከእኔ አይወጣም ብዬ ቃል ገባሁላት።

ብዙም ሳይቆይ ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። ሻይ አስቀዳልኝና ፈገግ እያለ «አንሶላ ክፍል ቆማ ዳቦ የምትበላው ልጃችንስ እንዴት ናት? በጣም አዝነሽላታል አሉ» አለኝ። አባባ፣ ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ። በማግሥቱ ስትጠብቀው የኖረችውን የቀዶ ጥገና ተራ ነጠቋት። አቅም አንሷታል፣ ለራሷ ጤና ሲባል ዓመቱን ትድገም ተብሎም ጉዳይዋ ለኮሚቴ ቀረበ። ለጤናዋ! አዩልኝ?

ማን ነገረው? ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። አንሶላ የምታጥፈዋን ሴትዮ ጠረጠርኩ፤ ምስኪን፣ ሰላም ስትለኝ ፊቴን አዞርኩባት። የኃላፊውን ጸሐፊ ጠረጠርኩ፣ ጥፋቱ ጫማው ድምፅ አለመስጠቱ ብቻ ነው። ድምፅ መቅረጫዬን ትራሴ ሥር ሸጎጥኩ። ግድግዳው ይሳሳ እንደሆነ ብዬ ባንኳኳ ጎረቤቴ «አቤት!» አለኝ። ይግረምዎት፣ ጥድፊያን ራሷንም ጠረጠርኳት። ሲደክመኝ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ዳቦውን፣ መደርደሪያውን፣ መቆሟን ያወራሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እሑድ፣ በስልክ፣ ለእርስዎ።

አባባ፣ ለክፋት እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ድምፅዎ እዚህ ድረስ ይሰማኛል፦ «ልጄን አደራ። ደግሞ ቆማ የምትበላ አንዲት ምስኪን ልጅ አለች አሉ፣ እሷንም እይልኝ።» እንዲህ አይደል ያሉት? መስኮቱም፣ ወንበሩም፣ የተተኮሱት ሸሚዞችም ከዚያው ስልክ የመጡ ናቸው። ለካ እኔም የሚደወልልኝ ነኝ! ሠልጣኙ ሁሉ ሲያውቅ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ተናድጄብዎታለሁ። አፌን ባልከፍት ግን እርስዎ ምን ይዘው ይደውሉ ነበር? በራሴ የተናደድኩት ይብሳል።

ሄጄ ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ «በዕድሜዬ አንድ ቀን ተደወለልኝ፣ እሱም ጉድ ሠራኝ» አለች። እሷ ስትስቅ እኔ አለቀስኩ። እርስዎ እንደገና ቢደውሉ ኃላፊው እንደሚመልሳት ሁለታችንም አላጣነውም። አልፈለገችም። የምትፈልገው ትድገም የተባለችው በሥራዋ ሳይሆን በወሬ መሆኑ ኮሚቴው ፊት፣ ሁሉም እየሰማ እንዲነበብ ነው። ስለዚህ ስልኩን አይንኩብኝ። ለእሱ ያሉትን፣ እሱም የመለሰልዎትን እንዳለ ጽፈው፣ ፈርመው ይላኩልኝ። እኔ ቃሌን ማፍረሴን ጽፌ ፈርሜያለሁ። ይህንንም ደብዳቤ የምልክልዎት እሷ አንብባ ከፈቀደች በኋላ ነው። ኃላፊውን እንደ ልጅዎ እንደሚወዱት አውቃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ደጃችንን ላይረግጥ ይችላል። ያዝንብዎታል፣ እርስዎም ያዝናሉ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወሩ መጨረሻ ነውና እሺ ብለው ዝም እንዳይሉኝ። ያንን እሺታዎን አውቀዋለሁ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ወረቀቱ ተጽፎ እስኪያልቅ ስልኩን ቁም ሣጥን ውስጥ እንድትቆልፍብዎትም ይንገሩልኝ። ለአክስቴ ብዙ ሰላምታ ያቅርቡልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አያንብቡላት፣ አፌን ከማን እንደወረስኩት ያውቃሉ። ታናሽ ወንድሜን ይቀፉልኝ፣ ፖስታ ቤት የሚሄደው እሱ ይሁን። ጥድፊያም ሰላም ብላችኋለች። ደብዳቤውን አጥፋ ስትመልስልኝ እንዲህ አለች፦ «አባትሽ ደግ ሰው ናቸው፣ አመስግኝልኝ። ሌላ ጊዜ ሲያዝኑልኝ ግን መጀመሪያ እኔን ይጠይቁኝ።»

የምትወድዎት ልጅዎ

ከሆስፒታሉ እንግዳ ማረፊያ፣ መስኮት ከሌለው አዲሱ ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን