በሙቀት ቀን ማሞቂያ የሚከፈትባት መኪና

ውድ ወንድሜ ክሊፎርድ፣

የሌሊት ልብስ አልነበረም። የአጎታችን ልጅ ዶሪን ከዚህ ስልክ ደውላ ያወራችላችሁን ባለቤትህ ጆይስ ጽፋልኝ አነበብኩት። «ሙሪየል በሰማንያ አራት ዓመቷ በሌሊት ልብስ አውራ መንገድ ላይ ቆማ ፖሊስ አነሣት» ይላል። ልብሱ እጅጌ የሌለው የበጋ ቀሚሴ ነው። ሹራቤንና ረጅሙን ካልሲዬን አውልቄ ነበር፤ ያወለቅሁበትንም ምክንያት ከዚህ በታች ታነባለህ። ቆሜም አልነበረም፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነበር እንጂ። ፖሊሱም አላነሣኝም።

ይህን ካቃናሁ በኋላ፣ ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህን ተሻለህ? ጆይስስ ሳሏ ለቀቃት? እናንተ ጋ ደኒደን፣ እዚያ በምድር ታችኛው ጫፍ፣ አሁን ክረምት ነውና ሳትደርብ ወደ ጓሮ እንዳትወጣ። እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ፤ እንቅልፌም ምግቤም እንደ ድሮው ነው።

ለልጅ ልጆችህ ስለ መኪናችን ስለ ሄሮን የጻፍክላቸውን ታሪክ ልከህልኛል። ደስ ይላል፤ ስሕተትም አለበት። የመኪናዋን ቅርጽ የሳሉት ቱሪን ያሉ ጣሊያኖች ናቸው፤ ያንን ትክክል ብለሃል። ሞተሩ ግን ከካናዳ ሳይሆን ከአሜሪካ ነው የመጣው። ቆዳውና የዋልነት እንጨቱ ከዚሁ ከእኛ ነው። የካልዶን ፋብሪካ የመጀመሪያዋን ሄሮን ያወጣው በ1967 ነው፤ አንተ እንዳልከው በ1969 አይደለም። በዚያ ቀን ዝናብ እየዘነበ አንተ ራስህ በሩ ላይ ቆመህ አጨብጭበሃል። አራት ሰውና ሻንጣቸውን ይዛ ከኮቨንትሪ ተነሥታ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ሳትደክም እንድትደርስ ነበር የተሠራችው። ቤንዚን ሲወደድ የሚገዛት ጠፋ፤ በ1975 ፋብሪካው ተዘጋ። አንተ መርከብ ተሳፈርክ፤ እኔና ኸርበርት የመጨረሻዎቹ ከወጡት አንዷን ገዛን። የግራ መከላከያዋን ላሜራ የቀጠቀጥከው አንተ፣ ወንበሮቿን የሰፋሁት እኔ፣ መንገድ ላይ አውጥቶ የፈተናት ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ኸርበርት። ልጆቹ ይህን ይወቁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በጁን ወር የዓይን ሐኪሟ «ወይዘሮ ብራድዌል፣ ከእንግዲህ መንዳት ይብቃዎት» አለችኝ። ለዓይኔ ብዙም አላዘንኩም፤ ያዘንኩት ለሄሮን ነው። ልጄ ጊሊያን እንደሆነች ዓመታት ሙሉ «እማዬ፣ ይህን ቤንዚን ጠጪ ብረት ለሚፈልገው ሰጥተሽ ገላግይን» ስትል የኖረች ናት። የሚፈልጋትም አልጠፋም። አቶ ፔንኸርስት የሚባል ባለጠጋ አለ፤ አሮጌ መኪኖችን ሰብስቦ በነጭ አዳራሽ ያስቀምጣል። ባትሪያቸውን አውጥቶ፣ ዘይታቸውን አንጠፍጥፎ፣ በገመድ አጥሮ። ለመንገድ የተሠራች መኪና ገለባ እንደተጠቀጠቀበት ወፍ ቆማ ልትቀር ነው ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ሆኖም ሌላ ሰው አልነበረኝም፤ ከመሸጡ በፊት ግን አንድ ጊዜ ይንዳት አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ መጣ። እሱ መሪውን ያዘ፣ እኔ ከጎኑ፣ ጊሊያን ከኋላ። የመጣችው ሽያጩ እንዳይፈርስ ለመጠበቅ ነው፤ ራሷ ነግራኛለች። የኬኒልዎርዝ መንገድ ተቆፍሮ የመኪና ሰልፍ ተገትሯል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ቀስ እያለች ወደ ቀዩ መውጣት ጀመረች። የሄሮንን ጠባይ አንተ ታውቀዋለህ፤ ስትሄድ ንግሥት፣ ስትቆም ትኩሳታም። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ የቀዝቃዛ አየሩን ማንሻ ይጎትታል። እኔ አፌን ልከፍት ስል ከኋላዬ ጩኸት መጣ።

«ምን ነካህ ሰውዬ! ማሞቂያውን ክፈት! እስከ ጥግ!»

«እመቤት፣ ውጪው እኮ ሠላሳ ዲግሪ ነው» አላት።

«እንግዲያው ውስጡ አርባ ይሆናላ! ጫማህን አውልቅ፣ ትለምደዋለህ!»

ማሞቂያው ሲከፈት የሞተሩ ግለት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሞተሩ ይተነፍሳል፣ ሰው ይቀቀላል። ኸርበርት በየበጋው ወደ ዌልስ ሲወስደን የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። አቶ ፔንኸርስት ግን ሊፈነዳ ነው ብሎ በሩን ከፍቶ ሣሩ ላይ ወጣ። የኋላ በር የላትምና ጊሊያን የሾፌሩን ወንበር አጥፋ ተከትላው ወጣች፤ ጫማዋን ወርውራ በባዶ እግሯ መሪው ላይ ተቀመጠች። ማሞቂያውን ከፈተች፣ መስኮቶቹን አወረደች። ከዚያ ቀስቷን በጣቷ እየነካካች «ነይ ውረጂ፣ ነይ ውረጂ የኔ ቆንጆ» ትላት ጀመር። ክሊፎርድ፣ የአባቷ ቃል ነው! ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ከኋላ ተቀምጣ ሰምታው ኖሯል። ሹራቤንና ካልሲዬን ያወለቅሁት ያኔ ነው።

ፖሊሱ የመጣውም ያኔ ነው። ጎንበስ ብሎ «እናቴ፣ በዚህ ሙቀት ማሞቂያ ትከፍታላችሁ?» አለኝ። ጊሊያን ቀደም ብላ «ሞተሩ ታሞብን ነው፣ ትኩሳቱን እየተካፈልንለት ነው» አለችው። ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት፣ ሰልፉን አቁሞ አሳለፈን። ቀስቷም ወረደች። አቶ ፔንኸርስት ከሣሩ ተመልሶ ገብቶ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ታጥፎ፣ ከረባቱን ፈትቶ ተጓዘ። ከከተማው ስንወጣ ጊሊያን ነዳጁን ረገጠችው፤ ያ ድምፅ ሲነሣ ሁለታችንም እንደ ልጅ ጮኽን። ወደ ቤት የሚወስደውን መታጠፊያ እያየች አለፈችው፤ እስከ ዎሪክ ሄድን።

እዚያ ስንቆም ሰውየው «እንግዲህ ስለ ሽያጩ...» ብሎ ሲጀምር፣ «አይሸጥም» አለችው።

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ!» አለችና ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ቀልቷል፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። «አይደል እንዴ እማዬ? እኔ ልያዛት?»

አንጀቴን አራሰችው። ይህን ግን አልነገርኳትም። ዘይት በየወሩ እንደሚታይ ብቻ ነገርኳት፤ እሷም «ዐውቃለሁ» አለች።

ለጆይስ፣ ዶሪንን ስለ ወሬዋ ምሬያታለሁ በላት። ልጅህን ሄዘርን ሳምልኝ፤ ፎቶዋ ደርሶኛል፣ ፀጉሯን ማሳጠሯ አምሮባታል። ለመንትዮቹ ለኖኤልና ለፊሊፓ የታረመውን ታሪክ አንብብላቸው። ያንን ሁልጊዜ የሚያነክሰውን ውሻህንም ጆሮውን እከክልኝ።

ነገ ገና እንደነጋ የማደርገውን ቆርጫለሁ። መጀመሪያ መንጃ ፈቃዴን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ወደሚመለስበት እልካለሁ። ቀጥሎ ሊብሬው ወደ ጊሊያን ስም እንዲዞር እፈርማለሁ። ከዚያ የሾፌሩን ወንበር ወደ ፊት እገፋዋለሁ፤ እግሯ ከእኔ ያጥራል። ከዚያ ቁልፉን እሰጣታለሁ፣ በግራ በኩል ተሳፋሪው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ቀበቶዬን አስራለሁ፤ እስከ መጀመሪያው አደባባይ ድረስም ዝም እላለሁ።

እህትህ ሙሪየል
ኮቨንትሪ፣ ኦገስት 9 ቀን 2018