አምስት ደቂቃ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 4፡20።

ያረፈዱትን መዝግቤ ሳልጨርስ የ8ኛ "ለ" ልጆች እየሮጡ መጡ። ምንታምር ወድቃለች። መዝገቡን ጥዬ ሮጥሁ። የ"ተማሪዎች ድጋፍ" ኃላፊነት ይኸው ነው፦ በር ላይ ዘበኝነት፣ ከዚያ ሩጫ። ባዮሎጂ ሳስተምር እንዲህ አልሮጥም ነበር።

የሚጥል በሽታ ነው። ስደርስ ግማሹ ክፍል በመስኮት ወጥቷል። አንዱ ልጅ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ይዟል፤ ያው እንደ አገሩ ልማድ፣ ጭሱ ይቀሰቅሳታል ብሎ። የላይ ከንፈሯ ተለብልቧል። ክብሪቱን ነጥቄ ጮህሁበት። ልጁ ደነገጠ። ሊያድናት ነበር እኮ።

ያልሸሸችው አጠገቧ የምትቀመጠው ሰላም ብቻ ናት። የምንታምርን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሹራቧን አውልቃ ቀሚሷ ላይ ጥላላታለች። ጎበዝ ልጅ። በጎን አስተኛናት። ቆየን። ነቃች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ማን እንዳያት ነው። ማንም አልሁ። ዋሸሁ። ቀሚሷ ርሷል፣ ክፍሉ ሁሉ አይቷል።

ደብተሬ፣ ደከመኝ። ገና ሰኞ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6። በእረፍት ሰዓት።

ሐሳብ መጣልኝ! ነገ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ ላይ እናገራለሁ። ርዕሰ መምህሩ (ር/መ) አምስት ደቂቃ ፈቀደልኝ። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ድምፅ ማጉያውን ያዘጋጃሉ። ስም አልጠራም። የምለው፦ በሽታው አይተላለፍም፣ ለሐጩ ቢነካችሁ ምንም አትሆኑም፣ ክብሪት አትጫሩ፣ በጎን አስተኙ፣ ጓደኛችሁን አታግልሉ። ጽፌ መስታወት ፊት አነበብሁት። አማረብኝ። ራሴን ከወደድሁት ስንት ጊዜዬ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7። 2፡40።

ተናገርሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ አጨበጨቡ፣ መምህራኑም ጭምር! ር/መ እጄን ጨበጠኝ።

ያው ቀን። 10፡00።

ምን ነካኝ? ምን አስቀባጠረኝ?

እስከ ትናንት የሚያውቀው ክፍሏ ነበር። ዛሬ የአንደኛ ክፍል ፍሬዎች ሳይቀሩ በጣት ይጠቁሙባታል። ያቺ ናት፣ ያቺ ናት። ስም አልጠራሁም፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሰኞ ዕለት የወደቀችው አንዲት ልጅ ናት። ቧንቧው ጋ ውኃ ጠጥታ ዞር ስትል ከኋላዋ ተራ የያዘችው ልጅ የቧንቧውን አፍ በሳሙና አጠበችው። ጠዋት ፊት ለፊቴ ቆማ ያጨበጨበች ልጅ ናት። ምንታምር አየቻት። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

አልጠየቅኋትም። ስለ እሷ ለመናገር ር/መን አስፈቀድሁ፣ ሚኒ ሚዲያን አስፈቀድሁ። እሷን መጠየቅ በሐሳቤም አልመጣ። ልጅን ማን ይጠይቃል? ልኳል ብላ ዐይኗን አጠፋች ይላሉ። እኔ ያጠፋሁት የሰው ዐይን ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከምሳ በኋላ።

ምንታምር ሦስት ልጆች በሚይዝ ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች።

የሰላም እናት መጡ። ነገሩን የሰሙት እዚሁ ከሚማሩት ትንንሾቹ ልጆቻቸው ነው። እኔ ከተናገርሁት። ክፉ ሴት አይደሉም። ፈርተዋል። ልጄን ወደ "ሀ" አዛውሩልኝ አሉ፤ ር/መ እሺ አለ፤ ለሌላዪቱም ይሻላታል ብሎ አከለበት። ፈርሚ አለኝ። ፈረምሁ። አዎ፣ እኔው!

ቀጥሎ ሰላም ቢሮዬ መጣች። ቢሮዬ ማለት የጠመኔ ካርቶንና የተሰበረ ወንበር የሚከማችበት ክፍል ነው። እያለቀሰች ነገረችኝ። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቃለች። ሕመሙ ሊመጣ ሲል ምንታምር የሰላምን ጣት ጭብጥ ታደርጋለች። ሰላም ሆዴን አመመኝ ብላ ታስፈቅድና ከመጻሕፍት ቤቱ ጀርባ ትወስዳታለች። እስኪያልፍ ትይዛታለች፣ ፊቷን ታጥባታለች፣ ይመለሳሉ። እንዲህ ሲኖሩ አንድም መምህር አላወቀባቸውም። ያን ሰኞ ፈተና ላይ ነበሩ፤ መ/ሩ መውጣት ከለከላቸው። ይኸው ነው ጥፋቱ ሁሉ።

እኔ ደግሞ ድጋፍ ላቋቁም መጣሁ። ድጋፉማ ነበረ። ከመጻሕፍት ቤቱ ጀርባ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ። አፈረስሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14። 11፡00።

ምንታምር ከማክሰኞ ጀምሮ የለችም። በባጃጅ ዓባይ ማዶ፣ ቤታቸው ሄድሁ። አባቷ መሪጌታ ናቸው፣ ዜማ ያስተምራሉ። መንገዱን ሁሉ ለክርክር ስዘጋጅ ነበር፤ ሐኪም አያምኑም፣ መድኃኒት ይከለክሏታል ብዬ። ተሳሳትሁ። መሳሳት ልማድ ሆነብኝ። ሐኪም ቤት የሚያመላልሷት እሳቸው ናቸው። ኪኒኑን በየማታው የሚሰጧትም እሳቸው። መስኮቱ ላይ አየሁት፣ ከዳዊታቸው ጎን።

ሰኞ ጠዋት በጀልባ ወደ ገዳም ይወስዷታል። ለጠበል። የክልሉ ፈተና በዚህ ዓመት ነው፣ ትምህርቷስ አልሁ። ኪኒኑስ አልሁ። ኪኒኑን ይዘን ነው የምንሄድ አሉኝ። ታዲያ ጠበሉ እዚሁ ቢሆን ምን አለ ብዬ ለመንኋቸው። ዳዊታቸውን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፦

"መምህርት፣ እኔ ስሸሽገው የኖርሁትን እርስዎ አደባባይ አወጡት። ዛሬ ሰዉ ሁሉ ደጄን እያየ ነው የሚያልፍ። ጠበልማ እዚህም ሞልቷል። እዚያ ግን የሚያውቃት የለም።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ አልሁ። እግዜር ይቅር ይበልዎ ብለው እስከ ደጅ ሸኙኝ። ልጅቷ ከጓዳ አልወጣችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15። 7፡30።

ር/መ ያቋረጡ ተማሪዎች ቅጽ ሰጠኝ። እስከ ሰኞ ሞልቼ ላስረክብ። ቦታዋ ይቆይላት፣ ደብተር እየላክሁላት ለፈተናው ትምጣ አልሁት። ሳትማር አትፈተንም፣ መመሪያ ነው አለኝ። ስለ ምንታምር ሲያወራ አንድም ጊዜ ስሟን አልጠራም። "ያቺ የሚጥላት" ይላል። ከኔ ንግግር በፊት እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ምሳ አልበላሁም። 8ኛ "ለ" አጠገብ ላለማለፍ ሕንጻውን ዞሬ ሄድሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18። 1፡15፣ ጀልባ መሣፈሪያው ጋ።

መጣሁ። አባቷ ጓዝ ያስጭናሉ። እሷ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ ዳር ላይ ቆማለች። ከንፈሯ ድኗል። ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ገና ዛሬ። መማር አለች፣ ከሰላም ጋር። ይህችን ብቻ። እጇን ልይዝ ስል ወደ ተሳፋሪዎቹ ገልመጥ አለች።

"ቲቸር፣ ይሂዱ በቃ። ሰው እያየን ነው።"

ሄድሁ። ጀልባው ሲነሣ ሰማሁት እንጂ አላየሁትም።

3፡30፣ ቢሮ።

ቅጹ ላይ "ያቋረጠችበት ምክንያት" ይላል። ሕመም፣ ጋብቻ፣ የቤተሰብ መዛወር፣ ሌላ። "ሌላ" የሚለው ላይ ጻፍሁ፦ እሷን ሳልጠይቅ ስለ እሷ በመናገሬ። ስሜን ጽፌ ፈረምሁ።

ር/መ አንብቦ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ሰርዢው አለኝ። ሕመም በይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ወደ በላይ አይላክም፣ አንቺንም ያስጠይቅሻል፣ እኔንም። እስክሪብቶ አቀበለኝ።

ሕመሙማ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አብሯት ነበር። እየወደቀች፣ እየተነሣች፣ ከሕመሟ ጋር ስምንተኛ ደርሳለች። ሕመም አይደለም ያስወጣት።

በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አልሰርዝም።