ለአባባ የዋሸሁት

ሐይቅ፣ የካቲት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ዛሬ የኮሌጅ ውጤቴን ለአባባ ነገርኩት። ለእረፍት ከመጣሁ ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ ስሸሸው ነበር። ሐይቁ ዳር መረቡን ሲጠግን አገኘሁትና "ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ካላሻሻልኩ እባረራለሁ" አልኩት። የተባረረ ወዴት እንደሚላክ ሁለታችንም እናውቃለን። ታናሽ ወንድሜን ሰይድን ለውትድርና ከገበያ አፍሰው ከወሰዱት ከወር ብዙም አላለፈም።

አባባ መረቡን አስቀመጠ።

"ያስጻፍኩልህ ደብዳቤ መቼ ደረሰህ?" አለኝ።

የሰይድን መወሰድ የሚነግረው ደብዳቤ የደረሰኝ በፈተናው ዋዜማ ነበር። በማግስቱ ወረቀቱ ላይ የታየኝ የሰይድ ፊት እንጂ ጥያቄው አልነበረም። ይህን ለአባባ እንዴት ብዬ ልንገረው?

"ከፈተና በኋላ ነው የደረሰኝ። ሒሳቡ ከብዶኝ ነው" ብዬ ዋሸሁ።

"እስቲ ወላሂ በል።"

በውሸት መማል አልቻልኩም። አባባ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። መረቡን እንደገና እያነሳ፣ "ከእንግዲህ ክፉ ወሬ አይጻፍልህም። አንተ ብቻ ተማር" አለኝ።

ነገ ወደ ኮሌጅ እመለሳለሁ። "ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ" የሚል ደብዳቤ በመጣልኝ ቁጥር፣ ስለ ሰይድ የደበቁኝ ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ እንዴት አድርጌ ነው የማጠናው?